ልጅህን ይዘህ ውጣ፤ ፊቱንም አንተው እጠበው

ስለ ንጽሕና አጠባበቅ በዚህች ወርኃዊ ጽሑፍ ብዙ ተብሏል። ስለ ምንጭ ውኃ፥ ስለ መጸዳጃ ቤት፥ ስለ ምግብ አያያዝ ሰፊ ትምህርት ተሰጥቷል። እኔ ዛሬ የማነሣው አሳብ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ይኸውም አባት ከትንሽ ልጁ ጋር በደጃፍ፥ በመንገድ፥ በገበያና በምድጃ ዳር ስለሚያሳልፈው ጊዜ ነው። አንባቢ፥ «ይህ ደግሞ ምኑ የጤና ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ነው?» ሊል ይችላል። እኔ ግን የልጁ ዓይን፥ ከልጁም ጋር የእናቱ ዓይን፥ በዚህ ጊዜ አጠቃቀም የሚድን ወይም የሚጠፋ መሆኑን አምናለሁ፤ ምክንያቴንም ከዚህ በታች አስረዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ይጁቤ የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደቡብ ሲሄዱ፥ ምድሩ ወደ ዓባይ በረሃ ከማዘቅዘቁ በፊት የምትገኝ ስትሆን፥ አካባቢዋ ከጥንት ጀምሮ በገበያ የታወቀ ነው። በ1840ዎቹ ጎጃምን የጎበኘው እንግሊዛዊ መንገደኛ ቻርልስ ቢክ የባሶን ገበያና ከዓባይ ማዶ ወደዚያ የሚመላለሱትን ነጋዴዎች በጽሑፉ አንሥቷል። ዛሬም በገበያ ቀን ገበሬው ጤፉን በአህያ ጭኖ፥ በጉን እየነዳ፥ ሴቲቱም ቅቤዋንና ዶሮዋን ይዛ ከየአቅጣጫው ይጎርፋሉ። ከትልልቆቹ ጋር ትንንሾቹም ይመጣሉ፤ አንዱ በእናቱ ጀርባ በአንቀልባ ታዝሎ፥ ሌላው በአባቱ ትከሻ ላይ እንኮኮ ተቀምጦ።

በአንድ የገበያ ቀን በዚያ ቆሜ ሳለሁ፥ የእኔ እኩያ የሚሆን አንድ ገበሬ በግ ሊሸጥ መጣ። ሦስት ዓመት ያህል የሚሆነውን ወንድ ልጁን በትከሻው ተሸክሞታል። በልጁ ዓይን ጠርዝ አራት አምስት ዝንቦች ሰፍረዋል፤ ልጁ ግን ለምዶት ኖሮ እጁን እንኳ አያነሣም። አባትዮው ልጁን አወረደና በጋቢው ጫፍ መጀመሪያ የራሱን ዓይን ጠረገ፤ በዚያው ጫፍ የልጁን ንፍጥ አበሰ፤ ቀጥሎም በዚያው ጫፍ የልጁን ዓይናር ጠረገለት። ቀረብ ብዬ ሰላምታ ከሰጠሁት በኋላ፥ «ወንድሜ፥ ዛሬ ጠዋት የልጅህን ፊት ማን አጠበው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የምታጥበውስ እናቱ ነበረች፤ ውኃ ወርዳ ስለ ዘገየችብን ሳይታጠብ ወጣን» አለኝ።

«አንተስ ብታጥበው?»

ሣቀና፥ «ኧረ ተው ሐኪም! የልጅ ፊት ማጠብ የወንድ ሥራ ነው እንዴ?» ሲል መለሰልኝ።

ይህን ሰው ልጁን አይወድም ልለው አልችልም። ያን ሁሉ መንገድ በትከሻው ተሸክሞት መጥቷል፤ በጉን ገና ሳይሸጥም ሸንኮራ ገዝቶለታል። የፍቅር ጉድለት የለበትም። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጁን ፊት ማጠብ የእርሱም ሥራ መሆኑን የነገረው ሰው የለም።

አሁን ያ የጋቢ ጫፍ ምን እንደሚያደርግ ላስረዳ። በአገራችን የዓይን ማዝ፥ በሕክምና ስሙም ትራኮማ የሚባለው በሽታ የሚመጣው በዓይን ከማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ተሕዋሱ ከታመመ ሰው ዓይናርና ንፍጥ ወደ ጤነኛው የሚሻገረው በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ ነው። ሕፃኑ ሲታመም ዓይኑ ይቀላል፥ ያሳክከዋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም የዳነ ይመስላል። ነገር ግን በልጅነቱ ደጋግሞ የያዘው ሰው የዓይኑ ቆብ በውስጥ በኩል ይጠባሰሳል፤ ጠባሳውም በዓመታት ብዛት እየተኮማተረ ቆቡን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ዓይኑን በከደነ ቁጥር የቆቡ ፀጉር ብሌኑን ይፍቀዋል፤ ብሌኑም እየደፈረሰ ሄዶ ብርሃኑ ይጠፋል። በ50 ዓመቱ የታወረ ሰው የመታወሩን መንገድ የጀመረው ገና በእናቱ ጀርባ ሳለ ነው።

በ2006 በመላው አገራችን በተደረገው የዓይነ ስውርነትና የትራኮማ ጥናት፥ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑት ልጆች ከመቶው 62 ያህሉ በሽታው በዓይናቸው ተገኝቶባቸዋል። የአገሪቱ አማካይ ቍጥር ከመቶው 40 ገደማ ነበር። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ሳይሆን የየቤታችን ጉዳይ ነው።

ይህ በሽታ ወንድና ሴትን እኩል አይጎዳም። በበሽታው ከሚታወሩት መካከል ሴቶች ከወንዶች ይበዛሉ። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው። ልጁን የምታቅፈው፥ የምታዝለው፥ አብራው የምትተኛው፥ ንፍጡን በነጠላዋ የምታብሰው እናት ናት፤ ልጁ ከመንደር ያመጣውን ተሕዋስ በየጊዜው የምትቀበለውም እርሷ ናት። በመንደሮቻችን ከአንገታቸው ማተብ አጠገብ ወረንጦ ያንጠለጠሉ እናቶችን ያላየ ማን ነው? አንዲት ስምንት ልጆች ያሳደጉ አሮጊት፥ «ልጄ፥ ያለ ወረንጦዬ ቀኑ አይነጋልኝም» ብለውኛል። እንደ እርሳቸው ላሉት ሁሉ በሠለጠነ ባለ ሙያ የሚደረግ አጭር የቆብ ቀዶ ሕክምና እንዳለ በዚህ አጋጣሚ አሳስባለሁ፤ ወረንጦውን ትተው ወደ ጤና ጣቢያ ይምጡ። ለአባቶች የምለው ግን ይህን ነው፤ የልጁን ፊት የሚያጥብ ባል የሚስቱንም ዓይን ይጠብቃል።

«መድኃኒቱ ይበቃን የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። በእርግጥ መድኃኒት አለ፤ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በየመንደሩ በዘመቻ ሲታደል ቆይቷል። በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም፥ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የተደረገው ጥናት መድኃኒቱ በሽታውን እጅግ እንደሚቀንሰው አሳይቷል። ነገር ግን በዚያው ወረዳ ተካሂዶ በ2018 የታተመው ተከታይ ጥናት፥ እደላው በተቋረጠባቸው መንደሮች ተሕዋሱ በልጆች ዓይን ዳግመኛ እየጨመረ መሄዱን ገልጿል።

እውነትን መደበቅ ስለማይገባ ሌላም ነገር ልጨምር። በዋግ ኽምራ ተደርጎ ውጤቱ በ2022 በታተመው ጥናት፥ ለተመረጡ መንደሮች ውኃ እንዲቀርብላቸው፥ ሕዝቡም ስለ ንጽሕና እንዲማር ተደርጎ ነበር። ሆኖም ከሦስት ዓመት በኋላ ተሕዋሱ በእነዚህ መንደሮች ልጆች ዓይን ከሌሎቹ መንደሮች ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። አንዳንዱ ከዚህ ተነሥቶ፥ «እንግዲያው መታጠብ ከንቱ ነው» ይል ይሆናል። እኔ የምረዳው በሌላ መንገድ ነው። ውኃው ከመንደሩ ቢደርስም ከጣሳው ወደ ልጁ ፊት የሚያደርሰው እጅ ያስፈልጋል። ያውም በቀን አንድ ጊዜ የሚበቃ አይደለም፤ ፊቱ ባደፈ ቁጥር ነው። ይህንንም ውኃ የምትቀዳ፥ እንጨት የምትለቅም፥ እንጀራ የምትጋግር፥ አረም የምታርም አንዲት ሴት ብቻዋን ልትወጣው አትችልም። ጥናቱ ይህን አልተናገረም፤ የእኔ የራሴ አስተያየት ነው። ነገር ግን ሁለተኛው እጅ የአባት እጅ ካልሆነ ከየት ሊመጣ ነው?

እኔ ትምህርቴን የተከታተልሁት በስዊድን አገር ነው። ያ አገር በ1974 ለእናቶች ብቻ ይሰጥ የነበረውን የወሊድ ፈቃድ ለአባቶችም ስለ ከፈተ፥ ጎልማሳ ወንዶች ሕፃን በጋሪ እየገፉ፥ በከረጢታቸው ጡጦና ጨርቅ ይዘው በአደባባይ ሲሄዱ ማየት የዘወትር ነገር ነበር። በዚያ ብርድ ሕፃናቱን በሚገባ ሸፋፍነው በደጅ ያስተኟቸዋል። መጀመሪያ ባየሁ ጊዜ፥ «እነዚህ ሰዎች ምች የሚባል ነገር አያውቁም ወይ?» እያልሁ እደነቅ ነበር። ጋሪውን ወደ አገራችን እናምጣ ብዬ አልመክርም፤ የይጁቤ መንገድ ለጋሪ አይመችም፤ አንቀልባና ትከሻ ይበቁናል። ከእነርሱ ልንማር የሚገባን አባት ሕፃን ይዞ በመታየቱ አለማፈሩን ነው።

እንግዲህ አባት ከልጁ ጋር የሚውልባቸውን ሰዓቶች በተራ እንመልከት።

የመጀመሪያው የጠዋት ደጃፍ ነው። አንድ ኩባያ ውኃ የአንድን ሕፃን ፊት ለማጠብ ይበቃል። ከታች ትንሽ ቀዳዳ የተበጀለት አሮጌ ጀሪካን በደጅ ቢሰቀል፥ ቀዳዳውም በእንጨት ቢወተፍ፥ ውኃው ሳይባክን ቤተ ሰቡ ሁሉ ይታጠብበታል። ፊቱ ከታጠበ በኋላ ልጁን ጥቂት የጠዋት ፀሐይ ማሞቅ ነው። ብዙዎች ምች ይመታዋል ብለው ሕፃኑን ጭስ በሞላበት ጨለማ ቤት ይሸፍኑታል። ነገር ግን የሰው ገላ አጥንትን የሚያጠነክረውን ቪታሚን ዲ የሚሠራው በፀሐይ ነው፤ ይህ ሲጎድል ሪኬትስ የተባለው አጥንትን የሚያልፈሰፍስ በሽታ ይመጣል። በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተደርጎ በ1997 የታተመ ጥናት፥ የሳንባ ምች ካለባቸው 500 ሕፃናት መካከል 210ሩ ሪኬትስ እንደ ነበረባቸው፥ የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 መካከል ግን 20 ብቻ እንደ ነበሩ አሳይቷል። ፀሐይዋ ሳትበረታ፥ ፊቱንና እጅ እግሩን ገልጦ፥ ለጥቂት ደቂቃ በደጃፍ ልጁን አቅፎ መቀመጥ ከአባት ምን ይቀንስበታል?

ሁለተኛው መንገድ ነው። በአገራችን ልማድ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፥ ሴት ልጅ በ80 ቀንዋ ክርስትና ትነሣለች። ለብዙ ሕፃናት ከቤት የመውጣት መጀመሪያ ይህ ነው። የክትባት ቀጠሮ ደግሞ በ6፥ በ10 እና በ14 ሳምንት ነው። ስድስት ሳምንት 42 ቀን ስለ ሆነ የወንዱ ልጅ ክርስትናና የክትባት ቀጠሮው ይቀራረባሉ። ሴቷ ግን ክርስትናዋ እስኪደርስ ከቤት አትውጣ ከተባለ፥ የመጀመሪያው ቀጠሮ 38 ቀን ያልፋታል፤ ሁለተኛውም አብሮ ያልፋል። በሽታው ወንድና ሴት ብሎ ቀን አይቆጥርም። ስለዚህ አባት ለክርስትናው ድግስ ጠላና ዳቦ እንደሚያስብ ሁሉ፥ የክትባቱንም ቀን በልቡ ይዞ እናትና ልጅን ራሱ ወደ ጤና ኬላ ይውሰዳቸው። የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር መሆኑንም አይርሳ።

በመንገድ ሳሉ ልጁን ሆዱን ሲቆርጠው ምን ይደረጋል? አብዛኛው ሰው፥ «የሕፃን ዓይነ ምድር ምን አለበት» ብሎ ከቍጥቋጦ ሥር ትቶት ያልፋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በዓይን ላይ የምታርፈዋ ዝንብ በዋነኛነት የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ በመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ግን እምብዛም አትራባም። በጋምቢያ ተጠንቶ በ2004 የታተመው ውጤት እንደሚያመለክተው፥ መጸዳጃ በተቆፈረላቸው መንደሮች በልጆች ዓይን ላይ የሚያርፉት ዝንቦች በ30 ከመቶ ገደማ ቀንሰዋል። እንግዲህ አባት በያዘው ዱላ ጫፍ ትንሽ ጉድጓድ ጭሮ ይቅበረው፤ የልጁንም የራሱንም እጅ ያስታጥብ። ያ ዱላ ውሻ ለማባረር ብቻ የተሠራ አይደለም።

ሦስተኛው ገበያ ነው። ሸንኮራ ወይም ከረሜላ የቀመሰ ልጅ ፊቱ ስለሚጣበቅ ዝንብ ይከበዋል። ስለዚህ ለልጁ ሸንኮራ የሚገዛ አባት አንድ ሳሙና አብሮ ይግዛ፤ በፕላስቲክ ጠርሙስም ጥቂት ውኃ ይዞ ይምጣ። ለልጁ ብቻ የሚሆን አንድ ንጹሕ ጨርቅ በኪሱ ቢያኖር የጋቢው ጫፍ ከክፉ ሥራው ያርፋል። ከገበያ በኋላ ወደ ጠላ ቤት ጎራ ማለት የተለመደ ነው፤ ልጁን ከጭሱና ከጫጫታው መካከል አስቀምጦ «ቅመስ» ማለት ግን አባትነት አይደለም። ይልቅስ በመመለሻው መንገድ ስለ በጉ ዋጋ፥ ስለ ዛፉ፥ ስለ ወፉ ያጫውተው። ልጅ ቋንቋንና አእምሮን የሚያገኘው ከእንዲህ ያለው ጨዋታ ነው።

አራተኛው ማታ ነው። ልጁ ወደ መኝታው ከመሄዱ በፊት ፊቱና እጁ ይታጠብ፤ ወንድምና እህት በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው ሲያድሩ የአንዱ ዓይናር ለሌላው ይተርፋልና።

በዚህ ላይ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው፥ «ንጹሕና መልከ መልካም ልጅ ይዞ ገበያ መውጣት ለሰው ዓይን ማጋለጥ ነው» የሚለው ነው። አያቶቻችን ይህን የሚሉት ልጁን ከመሳሳት የተነሣ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልስቅባቸውም። ነገር ግን በሥራዬ ባየኋቸው ልጆች ላይ ጉዳት ያደረሰው የዝንብ እግር ነው፤ ፊቱ በመታጠቡ ዓይኑ የጠፋ ልጅ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ሁለተኛው፥ «ሰው ምን ይለኛል፤ ሴት አደረገችው ይሉኛል» የሚለው ነው። ለዚህ መልሴ አጭር ነው። ጥጃውን ከጭቃ አውጥቶ የሚያጥብ፥ የበሬውን ቍስል በእጁ የሚያክም ገበሬ ወንድነቱ ያልተነካ ከሆነ፥ የገዛ ልጁን ፊት በማጠቡ እንዴት ይነካል?

እኔም ብሆን ሌላውን ስመክር ራሴን ረስቼ ተገኝቻለሁ። አንድ ቀን ከመስክ ሥራ ተመልሼ፥ ርቦኝ ስለ ነበር እጄን ሳልታጠብ ከመሶቡ ቀርቤ ለሦስት ዓመቷ ልጄ ላጎርሳት ስል አፏን ገጥማ እንቢ አለች። «አባዬ፥ ውኃ!» ብላ ወደ ጀሪካኑ አመለከተችኝ። ባለቤቴ ሣቅዋን መቆጣጠር አቃታት፤ «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» የተባለው በእኔ ላይ ደረሰ። በኋላ ሳስበው ግን ደስ አለኝ። ስለ እጅ መታጠብ ለልጄ ንግግር አድርጌላት አላውቅም። በየጠዋቱ በደጃፍ አብረን ስለምንታጠብ ብቻ ነገሩ የኑሮ ሥርዓት ሆኖባታል። በስብሰባ አዳራሽ ለብዙ ሰዎች ከተናገርሁት ይልቅ በዚያ ደጃፍ ለአንዲት ልጅ ያደረግሁት ፍሬ አፍርቷል።

በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው ባለ ሙያ ሴቶችን አሰማርቶ እናቶችን ብዙ አስተምሯል። ነገር ግን ባለ ሙያዋ ወደ ቤት ስትመጣ አባት እርሻ ወይም ገበያ ስለሚሆን ትምህርቱ ለእናቲቱ ብቻ ይነገራል፤ ሸክሙም በእርሷ ላይ ይጨመራል። እንደ እኔ አሳብ እኛ የጤና ሠራተኞች አባቶችን በሚገኙበት ቦታ፥ በገበያ፥ በዕድርና በማኅበር፥ ሄደን ልናነጋግራቸው ይገባል። ጉድለቱ የአባቶች ብቻ ሳይሆን የእኛም ነው።

አባቶች ሆይ፥ የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። በሚመጣው የገበያ ቀን ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ከመውጣታችሁ በፊት ግን ፊቱን በእጃችሁ እጠቡት። ያን በግ የሚሸጥ ወንድሜንም እንደገና ባገኘው የምጠይቀው ያንኑ ነው፤ «ዛሬ ጠዋት የልጅህን ፊት ማን አጠበው?» «እኔ» ብሎ የሚመልስልኝ ቀን እንዲደርስ እመኛለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏልና፥ ዓይን ከጠፋ በኋላ ከመጸጸት ዛሬ በአንድ ኩባያ ውኃ መጀመር ይሻላል።